ዘፈን የማያውቀው ፋይል፦ ኤኤምአር እና የሐረር ከበል

ሐረር ጁገል ውስጥ በድምፁ የተሰየመ መንገድ አለ። መኪና ግርግር ይባላል። ስሙን ያወጡለት ባለሥልጣናት ወይም ጀግኖች ሳይሆኑ የልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪናዎች ናቸው። በግራና በቀኝ ተደርድረው ሲሠሩ ያ ግርግርታ መንገዱን ይሞላዋል፤ ሰዉም መንገዱን በሰማው ድምፅ ጠራው።

እስቲ አንድ ነገር አስቡ። ከዛሬ 15 ወይም 18 ዓመት በፊት በዚያ መንገድ እያለፋችሁ ነው እንበል። ኪሳችሁ ውስጥ ቁልፍ ያላት ትንሽ ስልክ አለች። ድምፅ መቅጃውን ከፍታችሁ ግርግርታውን ቀዳችሁት። ቤት ገብታችሁ ስታዳምጡት ግን የሰማችሁት የስፌት መኪና አይመስልም፤ አፉን በእጁ ሸፍኖ የሚንተባተብ ሰው ይመስላል። ምን ሆነ? ማይክሮፎኗ ትንሽ ስለሆነች ብቻ ነው?

አይደለም። ስልኳ ድምፁን ጽፋ ያስቀመጠችበት ፎርማት የስፌት መኪና ምን እንደሆነ አያውቅም። ከበሮም አያውቅም፣ ጭብጨባም አያውቅም። አጥብቆ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሰው ጉሮሮ።

ይህ ፎርማት ኤኤምአር ይባላል። ዛሬ ዘፈን ለማስቀመጥ ማንም አይጠቀምበትም፤ አዳዲስ ስልኮችም ድምፅ መቅጃቸውን ወደ ሌላ ፎርማት አዙረዋል። ነገር ግን በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ የተረሱ ስልኮችና ሜሞሪዎች በኤኤምአር የተቀዱ ሰርጎች፣ ምርቃቶችና የአያቶች ድምፅ ይዘው ተኝተዋል። ስለዚህ ታሪኩን ማወቁ ይጠቅመናል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጆሮን ማወቅ ወይስ ጉሮሮን ማወቅ?

ድምፅ የአየር መንቀጥቀጥ ነው። ኮምፒውተር ይህን መንቀጥቀጥ ለመያዝ በየቅጽበቱ እየለካ ወደ ቁጥር ይቀይረዋል። የሙዚቃ ሲዲ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ ያውም ለግራም ለቀኝም ጆሮ። በዚህ መንገድ አንድ ደቂቃ ሙዚቃ ብቻውን ከ10 ሜጋባይት በላይ ይወጣዋል። ይህ ለዛሬ ስልክ ቀላል ነው። ለያኔዋ ስልክ ግን አንዱ ደቂቃ ራሱ መላ ማስቀመጫዋን ሊሞላ ይችል ነበር።

ስለዚህ ድምፁን ማመቅ፣ ማለትም በትንሽ ቁጥር መግለጽ ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ ሁለት ትልልቅ መንገዶች አሉ።

አንደኛው መንገድ ጆሮን ማወቅ ነው። ኤምፒ3 የሚሠራው እንደዚህ ነው። ጆሯችን ሁሉን አይሰማም፤ ከበሮ ሲመታ በዚያው ቅጽበት ያለች ቀጭን ድምፅ ትሸፈናለች። ኤምፒ3 "ይህን ሰሚው አይሰማውም" ብሎ የሚያስበውን ይጥላል። ድምፁ ከየት እንደመጣ ግድ የለውም፤ ክራርም ይሁን ሞተር፣ የሚጨነቀው ስለ ሰሚው ነው።

ሁለተኛው መንገድ ጉሮሮን ማወቅ ነው። የኤኤምአር መንገድ ይህ ነው። ይህኛው የሚነሣው ከተናጋሪው ነው። "ይህን ድምፅ ያወጣው አንድ ሰው ነው" ብሎ አስቀድሞ ያምናል፤ ከዚያም ድምፁን ሳይሆን ድምፁን ያወጣውን አፍ ለመግለጽ ይሞክራል። እምነቱ ትክክል ሲሆን ቁጠባው የሚያስገርም ነው። እምነቱ ሲሳሳት ግን... እዚያ እንደርሳለን።

ከግዙፉ ኮምፒውተር እስከ ኪስ

ጉሮሮን በቁጥር የመግለጽ ሐሳብ ከሞባይል በጣም ይቀድማል። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ሆመር ደድሊ የሰውን ንግግር በጥቂት መለኪያዎች በትኖ መልሶ የሚገጥም መሣሪያ ሠራ። በ1939 በኒውዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ፣ ባለሙያ እንደ ፒያኖ በጣቶቿ የምታናግረው ማሽን ለሕዝብ ቀረበ።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ሁለት ወገኖች በየፊናቸው ወደ አንድ ሐሳብ ደረሱ፤ በጃፓን ኢታኩራና ሳይቶ፣ በአሜሪካ ከሕንድ የመጣው ቢሽኑ አታልና ባልደረቦቹ። ሐሳቡ ቀላል ነው። በንግግር ውስጥ የሚቀጥለው ቁጥር ከቀደሙት ጥቂት ቁጥሮች ይገመታል፤ ምክንያቱም አፋችን በድንገት ቅርጹን አይቀይርም። ግምቱ ከተሳካ ሁሉን ቁጥር መላክ አያስፈልግም፤ የግምቱን ሕግና ግምቱ የሳተበትን ብቻ መላክ ይበቃል።

በ1985 አታልና ማንፍሬድ ሽሮደር ይህን ሐሳብ አንድ እርምጃ ወሰዱት። ግምቱ የሳተበትን ክፍል አስቀድሞ ከተዘጋጀ "መዝገብ" ውስጥ በጣም የሚመስለውን ፈልጎ መምረጥ የሚል ዘዴ አቀረቡ። ውጤቱ ጥሩ ነበር፤ ችግሩ ፍለጋው ነው። በዘመኑ ከኃያላኑ ኮምፒውተሮች አንዱ በነበረው ክሬይ 1 ላይ አንድ ሰከንድ ንግግር ለማመቅ ከ100 ሰከንድ በላይ ፈጀ። እንዲህ ባለ ነገር ስልክ ሊደወል ነው?

ከዚያ በኋላ በካናዳ የሸርብሩክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መዝገቡን በትልቅ ሰንጠረዥ ከማስቀመጥ ይልቅ በሒሳብ ሕግ የሚሠራበትን መንገድ አገኙ። ፍለጋው እጅግ ቀለለ። ዩኒቨርሲቲው ከኖኪያ ጋር ሆኖ በ1990ዎቹ አጋማሽ ለሞባይል ስልክ የተሻለ ኮዴክ ሠራ። (ኮዴክ ማለት ድምፁን የሚያምቀውና መልሶ የሚፈታው ፕሮግራም ነው።) ኤሪክሰን፣ ኖኪያና ሲመንስ ያዘጋጁት ኤኤምአር የዚህ ልጅ ነው። በ1999 የሞባይል መመዘኛ ሆኖ ጸደቀ። ያው 1999 በአዲስ አበባ የሞባይል አገልግሎት የተጀመረበት ዓመት ነው።

የስሙ ትርጉም "መጠኑን እንደ ሁኔታው የሚቀያይር" እንደማለት ነው። ስምንት ደረጃዎች አሉት፤ ዝቅተኛው በሰከንድ 4,750 ቢት፣ ከፍተኛው 12,200 ቢት። ኔትወርኩ ሲደክም ለድምፁ የሚሰጠውን ቀንሶ ስሕተት ለመከላከያ የሚሰጠውን ይጨምራል። መደበኛው ዲጂታል የቤት ስልክ በሰከንድ 64,000 ቢት እንደሚፈልግ ስታስቡ ቁጠባው ይገባችኋል።

በ20 ሚሊሰከንድ ውስጥ የሚሆነው

አሁን ወደ ኮዴኩ ሆድ እንግባ። አትፍሩ፣ ከባድ አይደለም።

ኤኤምአር ድምፁን በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል። በዚህ ፍጥነት ሊያዝ የሚችለው ከፍተኛው ድምፅ የግማሹ፣ ማለትም 4,000 ኸርዝ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ቀጭን ድምፅ ሁሉ መግቢያው ላይ ይቀራል። የወጣት ጆሮ እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ይሰማል፤ ስለዚህ ገና ከበሩ ብዙ ነገር ተመልሷል። ከታች በኩልም ከ80 ኸርዝ በታች ያለው ጉርምርምታ ይጣራል።

ከዚያ ድምፁን በ20 ሚሊሰከንድ ቁራሽ ይቆርሰዋል። እያንዳንዱ ቁራሽ 160 ቁጥሮች አሉት። ስለ ቁራሹ ሦስት ጥያቄዎችን ይጠይቃል፦

አንደኛ፣ አፉ ምን ዓይነት ቅርጽ ላይ ነው? "አ" ስንል አፋችን ይከፈታል፤ "ኡ" ስንል ይሞጠሙጣል። ይህን ቅርጽ በጥቂት ቁጥሮች ይጽፋል።

ሁለተኛ፣ ጉሮሮው በምን ፍጥነት እየነዘረ ነው? ወፍራም ድምፅ ቀስ ብሎ፣ ቀጭን ድምፅ ቶሎ ቶሎ ይነዝራል። ይህንም ይጽፋል። ልብ በሉ፦ ጉሮሮ ነው ያልነው፣ ጉሮሮዎች አላልንም። ቦታ ያለው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ከእነዚህ ከሁለቱ ያመለጠው ምንድን ነው? ይህን ትርፍ በትንንሽ ምቶች ይሞላዋል። በከፍተኛው ደረጃ ለእያንዳንዱ 5 ሚሊሰከንድ 10 ምቶች ይፈቀዱለታል።

በቃ ይኸው ነው። በከፍተኛው ደረጃ ሁሉም ተደምሮ ለአንድ ቁራሽ 244 ቢት ይወጣል። ወዲያ ማዶ ያለው ስልክ ይህን ማስታወሻ ተቀብሎ በቁጥር የተሠራ አፍ ያንቀሳቅሳል። በስልክ የምትሰሙት የእናታችሁ ድምፅ፣ ስልካችሁ በማስታወሻ ተመርቶ እንደገና የሠራው ድምፅ ነው ማለት ነው።

አንድ ሌላ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። በጥሪ መሐል ማዶ ያለው ሰው ዝም ሲል የምትሰሟት ሽሽታ ብዙ ጊዜ ከእሱ ዘንድ የመጣች አይደለችም። ስልኩ ዝምታን መላክ ብክነት ነው ብሎ ያቋርጣል፤ የእናንተ ስልክ ደግሞ "ተቋረጠ እንዴ?" ብላችሁ እንዳትደነግጡ ራሱ ሽሽታ ይሠራላችኋል።

ለንግግር እንኳ ቢሆን ኪሣራ የለውም ማለት አይደለም። "ሠራ" እና "ፈራ" የሚሉትን ቃላት አስቡ። የ"ስ" ፉጨት አብዛኛው ጉልበቱ ከ4,000 ኸርዝ በላይ ነው፤ እሱ ሲቆረጥ ከ"ፍ" ጋር ይቀራረባል። በስልክ "ልጁ ሠራ" ብላችሁ "ምን አስፈራው?" የሚል መልስ ብታገኙ አትፍረዱ። ስም ስንናገር "ስ፣ የሰላሙ ስ" እያልን የምናስረዳው ያለ ምክንያት አይደለም።

ታዲያ ዘፈን እንዴት ገባበት?

ኤኤምአር የተሠራው ለጥሪ ነው፤ እንዲቀመጥ አልነበረም። ጥሪ ሲያልቅ ድምፁም ያልቃል። ነገር ግን ስልኮቹ ውስጥ ኮዴኩ አስቀድሞ ስላለ ለድምፅ መቅጃውም እሱኑ መጠቀም ቀላል ነበር። በዚያ ዘመን በስልክ የሚቀረጹት ትንንሽ ቪዲዮዎችም ብዙዎቹ ድምፃቸው ኤኤምአር ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በከፍተኛው ደረጃ አንድ ቁራሽ ፋይል ውስጥ ሲቀመጥ 32 ባይት ይወስዳል። በደቂቃ 3,000 ቁራሾች አሉ። 32 ሲባዛ በ3,000፣ 96,000 ባይት ወይም 96 ኪሎባይት ይሆናል። በተለመደው የ128 ኪሎቢት ኤምፒ3 አንድ ደቂቃ 960 ኪሎባይት ነው። ስለዚህ ኤኤምአር የኤምፒ3 አንድ አሥረኛ ነው። 128 ሜጋባይት ሜሞሪ ካላችሁ የአምስት ደቂቃ ዘፈን በኤምፒ3 26 ያህል ይይዛል፤ በኤኤምአር ግን 260 ያልፋል።

ያ ዘመን ዘፈን በብሉቱዝ የሚሄድበት፣ ሜሞሪ በሱቅ የሚሞላበት ዘመን ነበር። ብዙው የተገዛውና የተላለፈው ዘፈን ኤምፒ3 ነበር። ሰው ራሱ የቀዳው ግን ሌላ ነው። የሠርግ ዘፈን፣ የሽማግሌ ምርቃት፣ የሰፈር ጨዋታ፣ የመንዙማ ምሽት፤ እነዚህ ሱቅ ውስጥ የሉም። የቀዳቸው ስልክ በምን እንደሚቀዳ ሰውየውን አልጠየቀውም። ስለዚህ ከገበያው ዘፈን ይልቅ ሌላ ቅጂ የሌለው ድምፅ ነው ለኤኤምአር የደረሰው።

ዚክሪ ሲገባበት

ወደ ሐረር እንመለስ። ጁገል፣ በአምስት ታሪካዊ በሮች የሚገባባት ባለ ግንብ ከተማ፣ በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብታለች። የሐረሪዎች የሸዋሊድ በዓል ደግሞ በ2023 በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ተመዘገበ። ግንቡን በዓይን እናየዋለን፤ በእጅ እንነካዋለን። ሸዋሊድ ግን ብዙው ነገሩ የሚሰማ ነው። የበዓሉ እምብርት ዚክሪ ነው፦ አንዱ ይመራል፣ ብዙዎች ይቀበላሉ፣ ከረቡ የሚባለው ከበሮ ይመታል፣ ከበል የሚባሉት የእንጨት ማጨብጨቢያዎች ይጋጫሉ።

አሁን ኤኤምአርን በዚህ መሐል አስቀምጡት። ሦስቱን ጥያቄዎቹን ይጠይቃል።

አፉ ምን ቅርጽ ላይ ነው? የትኛው አፍ? በርካታ ሰው አብሮ ነው የሚያዜመው። ጉሮሮው በምን ፍጥነት ይነዝራል? የወንዶቹ አንድ ነው፣ የሴቶቹ ሌላ ነው፤ ኮዴኩ መጻፍ የሚችለው አንዱን ብቻ ነው። ስለዚህ በየቅጽበቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል፤ ኅብረቱ እንደ መንቀጥቀጥ ይሰማል። የከረቡ ዝቅተኛው ጉርምርምታ በማጣሪያው ይሳሳል፤ የቀረውን ደግሞ የስልኳ ትንሽ ድምፅ ማጉያ አታወጣውም።

ከሁሉ የሚከፋው የከበል ነገር ነው። እንጨት ከእንጨት ሲጋጭ ድምፁ በጥቂት ሚሊሰከንድ ይፈነዳና ይጠፋል፤ በዚያች ቅጽበት ከታች እስከ ላይ ይበተናል። ያን ስለት የሚሰጠው የላይኛው ክፍል ከ4,000 ኸርዝ በላይ ነው፤ እሱ ተቆርጧል። የቀረው ደግሞ በ10ሩ ምቶች መገለጽ አለበት፤ ምቶቹን ግን መዘምራኑም ይሻሟቸዋል። ውጤቱ "ቃ! ቃ!" የነበረው "ጭፍ፣ ጭፍ" ይሆናል።

ይህ የሐረር ከበል ብቻ ዕጣ አይደለም። የድምፅ ማመቂያ የሚሠሩ መሐንዲሶች ኮዴካቸውን ለማስጨነቅ ሲፈልጉ ከሚያጫውቱላቸው ድምፆች አንዱ ካስታኔት የሚባለው የስፔን የእጅ ማጨብጨቢያ ነው። የአውሮፓ ብሮድካስተሮች ኅብረት ባዘጋጀው የመፈተኛ ሲዲ ውስጥም ተካቷል። ኤምፒ3 ራሱ እዚህ ላይ ይቸገራል፤ ካልተጠነቀቀ ከምቱ በፊት ትንሽ ሽሽታ ይቀድማል። ከኤምፒ3 አባቶች አንዱ የሆነው ጀርመናዊው ካርልሃይንዝ ብራንደንቡርግ ሥራውን ሲያስተካክል ደጋግሞ ያዳምጥ የነበረው ሱዛን ቬጋ ያለ መሣሪያ የዘፈነችውን አንድ ዘፈን ነው። ካስታኔትም የቬጋም ዘፈን እንዲያምር የተጨነቀ ሰው ነበረ። ለከበል ግን የተጨነቀ አልነበረም።

ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው። ድምፅ ማመቅ ማለት መወሰን ማለት ነው፤ ምን ይቅር፣ ምን ይጣል የሚል ውሳኔ። ውሳኔውን የሰጡት ሰዎች ክፉ አልነበሩም። የስልክ ጥሪ ችግርን ነበር የሚፈቱት፤ እሱንም በደንብ ፈቱት። ውሳኔያቸው ግን ሳይታሰብ ከጥሪ አልፎ ወደ ሰርግ ቤት፣ ወደ ዚክሪ ምሽት ገባ። መሣሪያ ሠሪው ማን ይሰማል፣ ምን ይሰማል ብሎ ያሰበው ነገር ፋይሉ ውስጥ ተቀብሮ ይኖራል።

ሰም ከሜሞሪ ሲበልጥ

በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ድምፃቸውን በሰም ሲሊንደር ቀድተው ላኩ፤ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ተባለ፤ ጠፋም። ምኒልክና ጣይቱ በ1899 በዚያው ዘዴ የመለሱት መልስ ግን ተረፈ። ከ120 ዓመት በላይ አልፎት ዛሬም ይሰማል። ሲሊንደሩን ብታዩት የድምፁ ሞገድ እንደ ቦይ ተቆፍሮ ይታያል፤ መርፌ ካገኘ ይናገራል።

በ2008 የተቀዳ የኤኤምአር ፋይልስ? እሱን ለማሰማት ሦስት ነገር አብሮ መኖር አለበት። ሜሞሪው መሥራት አለበት፤ ያለ ኤሌክትሪክ ለረጅም ዓመታት የተቀመጠ ሜሞሪ የያዘውን ቀስ በቀስ ሊያጣ ይችላል። ሜሞሪውን የሚያነብ መሣሪያ መገኘት አለበት፤ ያኔ ብዙ ስልኮች ለየራሳቸው የሚስማማ የሜሞሪ ዓይነት ነበራቸው። ሦስተኛ፣ ፋይሉን የሚፈታ ፕሮግራም መኖር አለበት። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል አያታችሁ ዝም ይላሉ።

በመሐሉ ፎርማቱን ራሱን ዘመን አለፈው። በ2001 እስከ 7,000 ኸርዝ የሚደርስ ሰፋ ያለ ወንድሙ ወጣ። በ2012 ደግሞ ኦፐስ የሚባል ነፃ ኮዴክ መጣ፤ ጉሮሮንም ጆሮንም የማወቅ መንገዶችን አዋሕዶ እንደ ድምፁ ዓይነት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገር ነው። ዛሬ በቴሌግራም የምትልኩት የድምፅ መልእክት በኦፐስ የታመቀ ነው።

ሐረር ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ምሳሌ የሚሆን ሰው አላት። አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ከግል ስብስባቸው ተነሥተው ያቋቋሙት ሙዚየም፣ ዛሬ የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ውብ ሕንጻ ውስጥ ይገኛል። ብዙ ጎብኚ የሚያስታውሰው ጥንታዊ የእጅ ጽሑፎቹን፣ ሳንቲሞቹንና አልባሳቱን ነው። ነገር ግን ስብስቡ ውስጥ የቆዩ የሙዚቃ ቅጂዎችም አሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ብራና ቅርስ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ካሴትም ቅርስ ነው ብሎ ለማስቀመጥ ግን አስቀድሞ የሚያይ ዓይን ይፈልጋል። ከካሴት ቀጥሎ ደግሞ የስልክ ሜሞሪ ተራ ነው። እሱን የሚሰበስብ ሙዚየም መጠበቅ የለብንም፤ በእጃችን ነው ያለው።

እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

ቤት ውስጥ ያሉ አሮጌ ስልኮችንና ሜሞሪዎችን ፈልጉ። ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

መጀመሪያ ሳትነኩት ገልብጡ። ፋይሉን እንዳለ፣ ስሙንም ቀኑንም ሳትቀይሩ፣ ቢያንስ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። የፋይሉ ዓይነት ካልታወቃችሁ በጽሑፍ ማንበቢያ ክፈቱት፤ ገና መጀመሪያው ላይ ኤ፣ ኤም እና አር የሚሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ከታዩ አገኛችሁት ማለት ነው።

ቀጥሎ አዳምጡት። እንደ ቪኤልሲ ያሉ ነፃ ፕሮግራሞች ይከፍቱታል። ለሌላ ሰው ለመላክ መቀየር ካስፈለጋችሁ ወደ ዌቭ ፎርማት ቀይሩ፤ እሱ ምንም አይጥልም። ወደ ኤምፒ3 ከቀየራችሁት ግን ኤኤምአር የጣለው ሳይመለስ ኤምፒ3 ደግሞ የራሱን ይጥልበታል። ዋናውን ፋይል በምንም ምክንያት አትሰርዙ።

"ወደ ዌቭ ስለውጠው ጥራቱ ይመለሳል?" ትሉ ይሆናል። አይመለስም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ፋይሉ ይገዝፋል እንጂ ከበሉ አይመለስም። ዛሬ የጎደለውን ድምፅ ገምተው የሚሞሉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች አሉ። ለጆሮ ደስ ሊል ይችላል። ነገር ግን ፕሮግራሙ የሚያሰማችሁ ከበል በዚያች ሌሊት የተመታው ከበል አይደለም፤ ከሌላ ቦታ ከተማረው የገመተው ነው። ለመዝናናት ከተጠቀማችሁበት ከዋናው ጋር አታደባልቁት።

ከዚያ ስለ ድምፁ ጻፉ። ማን ነው የሚናገረው? የት ነው? መቼ? ምን በዓል ነበር? ማንነቱ ያልታወቀ ድምፅ፣ ጥራቱ ምንም ያህል ቢያምር ግማሹ ጠፍቷል። የሚያውቁ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቁ።

በመጨረሻ፣ አሁን የምትቀዱትን በደንብ ቅዱ። የዓለም የድምፅ መዛግብት ባለሙያዎች ለቅርስ የሚመክሩት ያልታመቀ ዌቭ ነው፤ በሰከንድ 48,000 ልኬት፣ እያንዳንዱም በ24 ቢት። ብዙ ዘመናዊ ስልኮች በተገቢው መተግበሪያ ያልታመቀ ዌቭ መቅዳት ይችላሉ። ሽማግሌ ሲመርቁ ወይም ዚክሪ ሲደርስ ከመቅዳታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፤ ከዚያ ቅንብሩን ከፍታችሁ ፎርማቱን ምረጡ። ያለዚያ ሌላ ሰው ቀድሞ የመረጠላችሁን ነው የምትቀዱት።

አንድ ነገር ግን እንዳትረሱ። ኤኤምአርን ለመውቀስ አይደለም ይህን ሁሉ ያወራነው። በዚያች ትንሽ ስልክ ላይ ምርጫው በኤኤምአርና በጥሩ ቅጂ መካከል አልነበረም፤ በኤኤምአርና በባዶ መካከል ነበር። የአንዲት አያት ተረት በሐረሪ ቋንቋ፣ አንድ ሰው ብቻውን ሲናገር፣ ለዚያ ኮዴክ የተፈጠረበት ሥራ ነው። እዚያ ላይ ታማኝ ነው፤ ትንፋሻቸውን፣ ሳቃቸውን፣ "ልጄ" ሲሉ የሚያነሡትን ዜማ ይዞላችኋል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ መሳቢያውን ክፈቱ። ድንገት መኪና ግርግርን የቀዳ ሰው ቤታችሁ ውስጥ ካለ ግርግርታው እንደ ተንተባታቢ ሰው ቢሰማችሁ አትገረሙ። ኮዴኩ መኪናውን ሰው አድርጎ ሊሰማው ሞክሮ ነው። ቀጥሎ ያለውን ፋይል ክፈቱ፤ ምናልባት እዚያ እውነተኛ ሰው ይናገር ይሆናል።